እጅና ወረቀት፦ የማሸት ሕክምና ረጅም ጉዞ

ኳስ ሜዳ ላይ ተጫዋች ወድቆ ሲንፈራፈር ዳኛው ወደ መስመሩ ምልክት ይሰጣል፤ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው እየሮጠ ይገባል። የሬዲዮ ጋዜጠኛው ትንፋሹን ሳይሰበስብ «ወጌሻው ገብቷል» ይላል። የገባው ሰው ስለ ጡንቻና ስለ መገጣጠሚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረ፣ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ለአድማጩ ግን ወጌሻ ነው። ቃሉ ከገጠር ጎጆ ተነሥቶ ስታዲየም ሲገባ ማንም ትኬት አልጠየቀውም።

እኔ ወጌሻን ያወቅሁት ከስታዲየም በፊት ነው። ልጅ ሳለሁ ከአጥር ላይ ስዘል እግሬን ወለም አለኝና እናቴ ሰፈራችን ውስጥ ወደነበሩ አንድ አዛውንት አዝላ ወሰደችኝ። ሽማግሌው ለብ ያለ ውሃ በጣሳ አስመጡ፣ ጨው በተኑበት፣ እግሬን ነከሩት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቅቤ አስነክተው ከተረከዜ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ በጨለማ የወደቀ ሳንቲም እንደሚፈልግ ሰው። «አይዞህ የኔ ልጅ፤ እስቲ ያቺን ዶሮ እያት» አሉኝ። ዶሮዋን ሳይ እግሬን ሳብ አደረጉት። ጩኸቴ ጎረቤት ተሰማ። እናቴ ገንዘብ ስትዘረጋ እጃቸውን አራገቡባት፤ በማግስቱ ቡና ይዘንላቸው ሄድን።

የእኚያ ሽማግሌ እጅ ወረቀት አልነበረውም። የማሸትን ታሪክ ከሥሩ ልከተል ስነሣ ደጋግሞ መንገድ ላይ የጠበቀኝም ይኸው ነገር ነው። ሐኪሙ እጁን ሲሰበስብ ማሸት ለባሪያው፣ ለዓይነ ስውሩ፣ ለሴቲቱ ይተርፋል። ጦርነት ወይም ወረርሽኝ አልጋውን ሁሉ የሞላው ዕለት ያው የተናቀ እጅ ይጠራል፤ ሲመጣም አዲስ ስም ይዞ፣ አዲስ ወረቀት ተጽፎለት ነው። («ዓ.ም.» ካልተጻፈባቸው በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥንት እስከ 1037፦ ሐኪሙ ራሱ ሲያሽ

ግብፅ ውስጥ ሳቃራ ላይ አንክማሆር የተባለ ሹም መቃብር አለ፤ ዕድሜው ከ4 ሺህ ዓመት በላይ ነው። ግድግዳው ላይ ሰዎች ተቀምጠው ሌሎች እግርና እጃቸውን ይዘው ይታያሉ። ይህን ሥዕል የዓለም የመጀመሪያው የማሸት ማስረጃ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሌሎች ደግሞ ጥፍር መከርከም እንጂ ሌላ አይደለም ይላሉ። ሁለቱም ወገን ያንኑ ድንጋይ እያየ ነው የሚከራከረው፤ ስለዚህ ከድንጋዩ ይልቅ ጽሑፉን ማመን ይሻላል።

ጽሑፉ የሚጀምረው ቻይናና ግሪክ ዘንድ ነው። ቻይናውያን የቢጫው ንጉሠ ነገሥት በሚሉት ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፋቸው ማሸትን ከመርፌና ከመድኃኒት ጋር ቆጥረውታል፤ በታንግ ሥርወ መንግሥት ደግሞ የቤተ መንግሥቱ የሕክምና መሥሪያ ቤት የራሱ የማሸት ክፍል ነበረው። ግሪክ ውስጥ በሂፖክራጥስ ስም የሚጠሩት ጽሑፎች ሐኪም ከሚያውቃቸው ብዙ ነገሮች አንዱ ማሸት እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ምክንያታቸውም ማሸት የላላ መገጣጠሚያን ማጥበቅ፣ የጠበቀውን ማላላት ይችላል የሚል ነው።

ወደ ሥራው በጣም የቀረበው ግን ጋሌን ነው። በ129 በጴርጋሞን የተወለደው ይህ ሐኪም በ157 የከተማዋ ግላዲያተሮች ሐኪም ሆኖ ተሾመ። እስቲ ሥራውን አስቡት፦ ትናንት በሰይፍ የተበጣጠሰን ሰው ነገ ለሰይፍ ማዘጋጀት። ጋሌን እጁ የሚሠራውን በወረቀት ለማስፈር ሞከረ። ማሸት ጠንካራ፣ ለስላሳ ወይም መካከለኛ ይሆናል፤ መጠኑም ብዙ፣ ጥቂት ወይም መካከለኛ ይሆናል፤ ሦስቱን ከሦስቱ ሲያባዛቸው ዘጠኝ ዓይነት ማሸት ወጣ። ዛሬ ስናየው የሒሳብ ጨዋታ ይመስላል። ቁም ነገሩ ግን «እሸው» ብሎ ማዘዝ በቂ አለመሆኑን ማወቁ ነው፤ ስንት ያህል? በምን ኃይል? ብሎ መጠየቁ።

ከስምንት መቶ ዓመታት በኋላ ቡኻራ አጠገብ የተወለደው ኢብን ሲና ያንን ጥያቄ ወስዶ ወደ ሥራ ቀየረው። ስፖርት ከመሥራት በፊት ሰውነትን የሚያነቃ ማሸት አለ፤ ከሥራ በኋላ ድካምን የሚያወጣ ሌላ ማሸት አለ። ሰንዳፋ ወይም እንጦጦ ሮጦ የተመለሰ የዛሬ አትሌት ጠረጴዛ ላይ የሚጋደመው ለዚሁ ለሁለተኛው ነው። ኢብን ሲና በ1037 ሞተ። መጽሐፉ አውሮፓ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ቢነበብም የአውሮፓ ሐኪሞች ማሸቱን ከገጹ አላወረዱትም፤ የተማረ ሐኪም በላቲን ያዛል እንጂ እጁን ቅባት አይነካም ነበር። ሥራው በምሥራቅ በሐማሙ አሺ፣ በምዕራብ በመንደሩ አጥንት ጠጋኝ እጅ ቀረ።

ከ1600ዎቹ እስከ 1871፦ በኤዶ ጎዳና የሚሰማው ፉጨት

ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ ማታ ማታ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ይሰማ ነበር። ትንሽ ዋሽንት እየነፋ በበትር የሚሄደው ዓይነ ስውር «አንማ» የተባለው ማሸት ባለሙያ ነው። የደከመው ሰው መስኮቱን ከፍቶ ይጠራዋል።

ለዓይነ ስውራን ይህ ሥራ እንዲሁ በአጋጣሚ አልደረሳቸውም። በጃፓን ዓይነ ስውራን ከቆየ ጊዜ ጀምሮ በመንግሥት የታወቀ የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ ማኅበሩ ውስጥ ዜመኞች፣ ገንዘብ አበዳሪዎችና አሺዎች ነበሩ። በ1610 የተወለደው ዓይነ ስውሩ ሱጊያማ ዋኢቺ ሾጉኑን እስከ ማከም ደርሶ፣ ዓይነ ስውራን መርፌና ማሸት የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች እንዲቋቋሙ አደረገ። አውሮፓ ዓይነ ስውርን በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለምጽዋት ባስቀመጠችበት ዘመን ጃፓን ሙያ አስይዛው ነበር። የሜጂ መንግሥት በ1871 ማኅበሩን ቢያፈርሰውም ሙያው ግን ከዓይነ ስውራን እጅ አልወጣም። ይህን ነገር ልብ ይሏል፤ በዓለም ጦርነት ጊዜ ለንደን ላይ ተመልሶ ይመጣል።

1813፦ ጎራዴ አስተማሪው በስቶክሆልም

ፔር ሄንሪክ ሊንግ ሐኪም አልነበረም። የቄስ ልጅ፣ ገጣሚ፣ የጎራዴ ፍልሚያ አስተማሪ ነበር። ወጣት ሳለ ክንዱን ያምመው ነበርና ጎራዴ ሲለማመድ ሕመሙ እየቀለለው መጣ። ብዙ ሰው ተሻለኝ ብሎ ይረሳዋል፤ ሊንግ ለምን ተሻለኝ ብሎ የሰው አካል ትምህርት ውስጥ ገባ።

ዘመኑ ረድቶታል። ስዊድን በ1809 ፊንላንድን ለሩሲያ አስረክባ ነበር። አንገቷን ደፍታ የነበረችው አገር ወጣቷን ማጠንከር ፈለገች። ሊንግ ያመለከተበት ባለሥልጣን «ገመድ ላይ የሚሄዱ አስቂኞችስ ሞልተውናል» ብሎ መለሰው እየተባለ ይወራል፤ ያም ሆነ ይህ በ1813 ንጉሣዊው የጂምናስቲክ ማዕከላዊ ተቋም ስቶክሆልም ላይ በመንግሥት ገንዘብ ተከፈተ። ትምህርቱ አራት ዘርፍ ነበረው፤ ከአራቱ አንዱ በእንቅስቃሴ ማከም ነው። በሽተኛው ክንዱን ይገፋል፣ አስተማሪው ይቋቋመዋል፤ አስተማሪው ይስባል፣ በሽተኛው ይቋቋማል። በዚህ መሐል መታሸትም አለ፤ ግን ዘይት ተቀብቶ ጠረጴዛ ላይ መጋደም የሚባል ነገር የለም።

ሐኪሞቹ አኮረፉ። ጂምናስቲክ አስተማሪ በምን ወረቀት በሽተኛ ይነካል? ክርክሩ ሊንግ በ1839 ከሞተ በኋላም ትውልድ ተሻግሮ ቀጠለ፤ ተማሪዎቹ ግን ፓሪስና ለንደን ደርሰው የስዊድን ሕክምና የሚል ቤት ከፍተው ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ማሳጅ ቤት ዋጋ ዝርዝሩ ላይ «ስዊድሽ» ብሎ የሚጽፈው ከዚያ በተረፈ ስም ነው። ሰውየው ቢነሣና ያንን ጠረጴዛ ቢያይ ሥራው መሆኑን አይለየውም ብዬ እገምታለሁ።

ከ1865 እስከ 1912፦ ብረት ሲያሽ፣ አውራ ጣት ሲመለስ

ሌላው ስዊድናዊ ጉስታቭ ዛንደር ሐኪም ነበር፤ የሊንግን ዘዴ ያውቃል፤ አንድ ነገር ግን ያናድደዋል። የአስተማሪው ክንድ ይደክማል። ጠዋት የመጣው በሽተኛ የሚያገኘውን ኃይል ማታ የመጣው አያገኝም። ስለዚህ በ1865 ስቶክሆልም ውስጥ 27 መኪናዎች ያሉት የሕክምና ቤት ከፈተ። በእንፋሎት ሞተር የሚሠሩት መኪናዎች ሆድ ያሻሉ፣ ጀርባ ይጠበጥባሉ፣ እግር ያንቀጠቅጣሉ። በሽተኛው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን እንዳሰረ የብረት ኮርቻ ላይ ይቀመጣል። የዘመኑ ፎቶግራፎች ላይ ጢማቸውን ያበጠሩ ሰዎች ከዚያ ብረት ጋር ተያይዘው ፊታቸው ቅንጣት ሳይለወጥ ይታያሉ።

መኪናው ለማን ተሠራ ቢባል ለአዲሱ ሰው ነው፦ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚቀመጠው ጸሐፊ፣ ሒሳብ ያዥ፣ የባንክ ሠራተኛ። በ1876 የፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን የዛንደር መኪናዎች ተሸለሙና በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ተዛመቱ። ታይታኒክ በ1912 ስትነሣ የስፖርት ክፍሏ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚናጥ የፈረስና የግመል ኮርቻ ነበራት፤ የዚያው የዛንደር ሐሳብ የልጅ ልጆች ናቸው። ዛሬ ጂም ገብቶ ክብደት የተሰካበት መኪና ላይ የሚቀመጥ ሰው ዛንደርን ሳያውቅ ኮርቻው ላይ ተቀምጧል።

መኪናው በነገሠበት ዘመን አምስተርዳም ውስጥ አንድ ሰው ወደ አውራ ጣቱ ተመለሰ። ዮሐን ጊዮርግ ሜዝገር ጂምናስቲክ አስተማሪ ነበር፤ በኋላ ሌይደን ውስጥ ሕክምና ተማረና በ1868 የመመረቂያ ጽሑፉን ስለ ወለምታ ጻፈ። አዎ፣ ስለ ወለምታ! የዘመኑ ሐኪሞች የዞረን እግር አስረው ለሳምንታት ያስተኙታል። ሜዝገር ወዲያው አሸው፤ እብጠቱን በጣቱ ወደ ላይ ገፋው፤ ታካሚውን አስነሥቶ አራመደው። የእኔ ሽማግሌና የሌይደኑ ተመራቂ አንድ ክፍል የተማሩ ይመስላሉ።

ዛሬ የትም ማሳጅ ትምህርት ቤት የሚሰጡት አራት አያያዞች፣ ፈረንሳይኛ ስሞቻቸውን ይዘው፣ ለሜዝገር ይቆጠራሉ፦ መዳበስ፣ ሥጋውን እንደ ሊጥ ማቡካት፣ በጣት ጫፍ መፈተግ፣ ሕፃን ለማስተኛት ጀርባው እንደሚጠበጠበው መጠብጠብ። «ማሳጅ» የሚለው ቃል ራሱ ከየት እንደመጣ ምሁራን አልተስማሙም፤ አንዱ መንካት ከሚለው ዓረብኛ ነው ሲል ሌላው ሊጥ ማቡካት ከሚለው ፖርቱጋልኛ ነው ይላል። ሊጥ ያቦካ ሰው ሁለተኛውን ለማመን አይቸገርም። የኦስትሪያዋ እቴጌ ኤልሳቤጥ ሜዝገር ዘንድ ለመታሸት አምስተርዳም ድረስ ሄዳለች። እሱ ራሱ ግን ብዙ አልጻፈም፤ የጻፉት ተማሪዎቹና ጎብኚ ሐኪሞች ናቸው። በማሸት ታሪክ ውስጥ ይህ ያልተለመደ አይደለም፤ እጁ የሚያውቀው ብዕር አያነሣም።

1879 ዓ.ም.፦ በዚያው ዘመን እኛ ዘንድ

አምስተርዳም ላይ እቴጌ ኤልሳቤጥ በታሸች ማግስት፣ በእኛ በ1879 ዓ.ም.፣ ሌላ እቴጌ በሙቅ ውሃ ምክንያት ከተማ ቆረቆሩ። እንጦጦ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከታች ሜዳው ላይ ግን ከመሬት የሚፈላ ውሃ አለ። መኳንንቱ ለመታጠብ ሲወርዱ ሲወጡ እቴጌ ጣይቱ እዚያው ቤት ይሠራልኝ አሉ፤ ሰፈሩ አዲስ አበባ ተባለ። ዋና ከተማችን ከገላ መታጠቢያ የተወለደች ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሙቅ ውሃው ብቻ አይደለም። ዋጋሚው የከብት ቀንዱን ጫፍ በስቶ ቆዳ ላይ ያስቀምጣል፣ አየሩን በአፉ ይስባል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ዋግምት ነው። ወሎ ውስጥ ሴቲቱ ወሽባ ትሞቃለች። አራስ በቅቤ ትታሻለች፣ ሕፃኑም አብሮ ይታሻል፤ አያት እግሮቹን እያሳበች ታሳድገዋለች። ወጌሻው ደግሞ ስብራቱን በቀርከሃ ያስራል፣ ውልቃቱን ይመልሳል፣ ወለምታውን ያሻል። ሙያው ከአባት ለልጅ ይሄዳል እንጂ ትምህርት ቤት የለውም፤ ፈተናው የታሰረው ሰው ተነሥቶ መሄዱ ነው።

ፈተናውን የሚወድቅ ወጌሻ አለ፤ እሱን ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። ማሰሪያው ከጠበቀ ደም አያልፍም፤ ልጁ «እጄ ደነዘዘ» ሲል «እየያዘለት ነው» ይባላል፤ ሆስፒታል ሲደርስ ጣቱ ጠቁሯል። የአገራችን የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች የእንዲህ ዓይነት ልጆችን እጅ ሲቆርጡ ኖረዋል። ሽማግሌዬ የእኔን እግር ሳያስሩት በመተዋቸው ዕድለኛ ነበርኩ።

1894፦ አራቱ የለንደን ሴቶች

በ1894 የብሪታንያ ሐኪሞች መጽሔት አንድ ቅሌት ይዞ ወጣ። ለንደን ውስጥ «ማሳጅ ቤት» የሚል ሰሌዳ ከለጠፉት መካከል ብዙዎቹ ሴተኛ አዳሪ ቤቶች ናቸው፤ ነርሶች ሥልጠና እንሰጣችኋለን ተብለው እየተታለሉ እዳ ውስጥ ይገባሉ የሚል ነበር። ዜናው ሲሰማ በሐቅ የሚያሹት ነርሶች መንገድ ላይ አንገታቸውን ደፉ።

አራት ሴቶች አንገታቸውን አልደፉም። ሉሲ ሮቢንሰን፣ ሮዛሊንድ ፓጄት፣ ኤልሳቤጥ ማንሊና ማርጋሬት ፓልመር የነርስና የአዋላጅ ሙያ ያላቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት የሠለጠኑ አሺ ሴቶች ማኅበርን መሠረቱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፈተና መስጠት ጀመሩ። ደንባቸው ጥብቅ ነው፦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይታሽም፤ በተራ ጋዜጣ ማስታወቂያ አይወጣም፤ ወንድን ማሸት ክልክል ነው፣ ሐኪሙ ለይቶ ካላዘዘ በቀር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የታሪኩ ማጠፊያ ይህ ነውና። እጁ የሚፈልገውን ወረቀት አገኘ። ዋጋውም ነበረው፦ አሺዋ ከሐኪሙ ሥር ገባች፤ በራሷ ዐይን አይታ በራሷ አእምሮ መፍረድ ቀረባት። የጋሌን ዘመን ሐኪም ራሱ ያሽ ነበር፤ የ1894 ሐኪም ወረቀት ይጽፋል፣ ሴቲቱ ታሻለች። ስምምነቱ ፍትሐዊ ነበር አልልም። ሙያውን ግን አትርፎታል። የሴቶቹ ማኅበር በ1920 ከንጉሡ ቻርተር አገኘ፤ በ1944 ስሙን ቀይሮ የፊዚዮቴራፒ ማኅበር ሆነ። ማሳጅ የሚለውን ቃል ከሰሌዳው አወረዱት፤ የ1894 ቅሌት ከሃምሳ ዓመት በኋላም ከቃሉ አልለቀቀም ነበርና። በእኛ ከተማም «ማሳጅ» ሲባል በአሽሙር ፈገግ የሚል ሰው ሳይ እነዚያ ሴቶች ትዝ ይሉኛል።

ከ1914 እስከ 1921፦ ጦርነቱ እጅ ሲቆጥር

ነሐሴ 1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ የፓርላማ አባሉ አልሜሪክ ፓጄትና ባለቤቱ የሃምሳ የሠለጠኑ አሺ ሴቶችን ደሞዝ ከኪሳችን እንችላለን ብለው ለጦር ሚኒስቴር ቀረቡ። ሃምሳ ብዙ መስሏቸው ነበር። መድፉ ያቆሰለውን የሚቆጥር አልተገኘም፤ የደነደነ ጉልበት፣ የተጨማደደ ጣት፣ ነርቩ የተበጠሰ ትከሻ። ያቺ ትንሽ ቡድን ብዙም ሳትቆይ በጦር ሆስፒታሎች ሁሉ ማሸትን የምትመራ ሆነች፤ የአሺዎቿ ቁጥርም በሺህ የሚቆጠር ሆነ። የፓሪሱ ቀዶ ሐኪም ሉካስ ሻምፒዮንየር ከጦርነቱ በፊት ስብራትን ለወራት አስሮ ከማስተኛት በጊዜ ማሸትና ማንቀሳቀስ ይሻላል ብሎ ሲጮህ የሰማው ጥቂት ነበር። አሁን ቶሎ ወደ ግንባር የሚመለስ ወታደር የሚፈልግ መንግሥት ሰማው።

የጃፓን ነገር የተመለሰው እዚህ ነው። በጦርነቱ ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ለንደን ውስጥ ከ1915 ጀምሮ በሴንት ደንስታንስ ተቋም ሙያ ሲማሩ ከተሰጧቸው ሙያዎች አንዱ ማሸት ነበር። ጋዝ ዓይኑን ያጠፋው ወታደር ጥይት ክንዱን የሰበረውን ወታደር አሸ። ሱጊያማ ዋኢቺ ቢሰማ ኖሮ አይገርመውም ነበር።

አሜሪካ በ1918 የራሷን አሺ ሴቶች ስታሠለጥን ስማቸውን ወታደርን መልሰው የሚያንፁ ረዳቶች አለቻቸው። እንግሊዝ ውስጥ ሙያውን የተማረችው ሜሪ ማክሚላን መራቻቸው፤ በ1921 የመጀመሪያው የአሜሪካ ማኅበር ሲቋቋም ፕሬዚዳንት ሆነች። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወደ ቤት የተመለሱት አልተበተኑም፤ ለምን ብትሉ፣ ሌላ ሠራዊት እየመጣ ነበር፤ ወታደሮቹ ሕፃናት የሆኑበት።

ከ1911 እስከ 1955፦ ትኩሱ ጨርቅ

ፖሊዮ በጋ ላይ ይመጣል፤ ማታ ትኩሳት የያዘው ልጅ ጠዋት እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ሐኪሞቹ እግሩ እንዳይጣመም ብለው በጂፕሰምና በብረት ያስሩታል፤ ለወራት።

አውስትራሊያ ውስጥ ከከተማ ርቃ የምትሠራ ኤልሳቤጥ ኬኒ የምትባል ሴት ነበረች። በደንብ የተመዘገበ የነርስነት ትምህርት አልነበራትም፤ «ሲስተር» የሚለውን ማዕረግ ያገኘችው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በቁስለኛ መርከብ ላይ ስታገለግል ነው። እኛም ነርሶቻችንን ሲስተር እንላለንና ስሙ ጆሮአችንን አይከብደውም። እንደምትተርከው በ1911 የመጀመሪያዋን ፖሊዮ ታካሚ ስታይ በሽታውን አላወቀችውም፤ ያየችው የተኮማተረ ጡንቻ ነበር። የሱፍ ብርድ ልብስ ቀደደች፣ ፈላ ውሃ ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀች፣ እግሩ ላይ ጠቀለለች። ጡንቻው ሲላላ በእጇ አንቀሳቀሰችው፤ ልጁም ራሱ እንዲያንቀሳቅሰው አስተማረችው።

ሐኪሞቹ ሊሰሟት አልፈለጉም። በ1938 የኩዊንስላንድ አጣሪ ኮሚሽን ዘዴዋን አወገዘ። የበሽታው ማብራሪያዋ እውነትም የተሳሳተ ነበር፤ እጇ ግን አልተሳሳተም። በ1940 ወደ አሜሪካ ሄደች፤ በ1942 ሚኒያፖሊስ ላይ በስሟ ተቋም ተከፈተ። ልጆቹ ከጂፕሰም ወጡ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም ቀደም ብሎ በ1921 በፖሊዮ ተይዞ ጆርጂያ ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ በተባለ ቦታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲለማመድ ቆይቷል። የቦታው ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ ፍልውሃ ነው።

በ1955 የሳልክ ክትባት ተፈቀደ፤ አሜሪካ ውስጥ የፖሊዮ ክፍሎች ባዶ መሆን ጀመሩ። አሺዎቹ ከልጆቹ እግር የተማሩትን ይዘው ሌላ በሽተኛ ፍለጋ ወጡ፦ ደም ግፊት ግማሽ አካሉን የያዘበት፣ ወገቡ የተሰበረ፣ ዳሌው የተቀየረ።

ከ1944 እስከ 1973፦ ስቶክ ማንደቪልና አበበ

ከናዚ ጀርመን በ1939 ያመለጠው አይሁዳዊው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በየካቲት 1944 እንግሊዝ ውስጥ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የጀርባ አጥንት ጉዳት ክፍል ከፈተ። ከዚያ በፊት ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም ነበር፤ የሚገድለው ጉዳቱ ሳይሆን የአልጋ ቁስልና የኩላሊት ኢንፌክሽን ነው። ጉትማን በሽተኛው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ይገልበጥ አለ። መድኃኒቱ እጅ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ እጅ። ከዚያ ቀጥሎ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ ኳስ መወርወር፣ ቀስት ማስወርወር። በሐምሌ 1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ሰዎች በሆስፒታሉ ሣር ላይ በቀስት ተወዳደሩ።

አሁን ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ፤ አሠልጣኙ ከሊንግ አገር የመጣው ስዊድናዊ ኦኒ ኒስካነን ነበር። በስምንተኛው ቀን፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው ሮም ወደ 400 የሚጠጉ አካል ጉዳተኞች የተወዳደሩበት፣ በኋላ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የተባለው የጉትማን ውድድር ተከፈተ። የዓለም ጤናማ እግር በወጣበት በር ጎማው ገባ። ያን ጊዜ ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

መጋቢት 1961 ዓ.ም. ሌሊት የአበበ ቮልስዋገን ተገለበጠች። ጠዋት ሲያገኙት እጁም እግሩም አልታዘዝ ብሎት ነበር። ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ ስቶክ ማንደቪል። ለወራት የማያውቃቸው እጆች ገለበጡት፣ ክንዱን አነሡ፣ ጣቱን አንድ በአንድ ዘረጉ። እግሩ አልተመለሰም። ክንዱ ግን ተመለሰ፤ በ1970 እዚያው ሆስፒታል በሚደረገው ውድድር ላይ ቀስት ይዞ ተሰለፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አረፈ።

ከ1965 ወዲህ፦ ቅጹ

አበበ ወደ እንግሊዝ በተወሰደበት ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ሙያ ጨርሶ እንግዳ አልነበረም። ከ1934 ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሚታከሙበት በዘነበወርቅ ሆስፒታል ግቢ በ1965 የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ማዕከሉ አለርት ተቋቁሞ ነበር። ከሐሳቡ ጀርባ ከነበሩት አንዱ ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብራንድ ነው፤ ሕንድ ውስጥ ሲሠራ ጣትን የሚበላው በሽታው ራሱ ሳይሆን ሕመም አለመሰማቱ መሆኑን ያሳየ ሰው። የተጣጠፈን ጣት ለመዘርጋት ጅማት ከአንድ ጡንቻ ወደ ሌላ ይዛወራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የፊዚዮቴራፒስቱ ነው። ጣት ለማጠፍ የኖረ ጡንቻ ጣት መዘርጋትን ከመጀመሪያው ይማራል። የደረቀ እግር ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ቅባት ይቀባል፣ ይታሻል። ወጌሻው ከለብ ውሃና ከቅቤ ጀምሮ ነበር፤ ይህም ከዚያው ጀመረ።

ከ2000 በኋላ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ማስተማር ጀመረ፤ ተመራቂዎቹ በየሆስፒታሉና በየቡድኑ ገቡ። ሳይንሱም አንዳንድ የቆየ ወሬ አፍርሷል። ማሸት ከሮጠ ሰው ጡንቻ ላክቲክ አሲድ ያወጣል ይባል ነበር፤ አሲዱ ግን ሯጩ ሳይታሽም በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ በራሱ ይሄዳል። የጡንቻ ሕመምን ግን ማሸት ያስታግሳል፤ ለዚያ ማስረጃ አለ። ድንገት ያበጠና የጋለ ባት ደም ረግቶበት ሊሆን ስለሚችል አይታሽም፤ ይህን የማያውቅ እጅ፣ ወረቀት ኖረውም አልኖረውም፣ አደገኛ ነው።

ባለፈው ዓመት ጉልበቴን አሞኝ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ገባሁ። ወጣቷ ባለሙያ ቅጽ ይዛ ተቀመጠች፤ ስም፣ ዕድሜ፣ መቼ ጀመረህ፣ ስትወርድ ነው ስትወጣ የሚያምህ። ከገጹ ወደ ታች ስትደርስ ቀና ብላ «ወጌሻ ጋ ሄደህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ልጅ ሳለሁ» አልኳት። «ቁርጭምጭሚቴን።»

«የትኛው እግር?»

ነገርኳት፤ ጻፈችው።